ጎንደር ሲመሽ፦ ግንበኛው፣ አዝማሪው እና እኛ

እቤታችን ውስጥ «ጎንደር» የሚባለው ከተማ አይደለም፣ አገር ነው። አያቶቻችን «ጎንደር ሳለን» ብለው ሲጀምሩ የሚያወሩት ስለ አምቦበር፣ ስለ ወገራ፣ ስለ ደምቢያ ወይም ስለ ጭልጋ ነው፤ ስለ እርሻው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ጸሎት ቤቱ። ከተማዋን ራሷን ብዙዎቹ የሚያውቋት ለገበያ፣ ለሐኪም ወይም ለክስ ሄደው በመመለስ ነው። ታድያ ከእኛ መካከል ከጻባ በኋላ ለቲዩል ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ልጅ ጎንደር ሲደርስ ግራ ይገባዋል። ስሙን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስለ ከተማው ግን የነገረው ሰው የለም። አስጎብኚው ግንቡን ያሳየዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በማግስቱ ወደ ስሜን ተራራ ይሄዳል።

እኔ በ2022 ለማስተርስ ጥናቴ ሦስት ሳምንት እዚያ ቆይቼ ነበር። ጥናቴ ስለ ቋንቋ ስለነበር ቀኑን በግንቦቹ መካከል፣ ማታውን ደግሞ በአዝማሪ ቤት ነው ያሳለፍኩት። እዚህ የምጽፈው ከተማዋን ቀንም ማታም እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ነው፤ በተለይ ወላጆቹ ከዚያ ለመጡ፣ እሱ ግን እዚህ ለተወለደ ሰው። ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ አገር እንደምንቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

ከጎንደር በፊት የነገሥታቱ ዋና ከተማ በአብዛኛው ድንኳን ነበር። ንጉሡ ከሠራዊቱ፣ ከካህናቱ፣ ከዳኞቹና ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ ጋር አንድ ቦታ ይሰፍራል፤ የአካባቢው እህልና እንጨት ሲያልቅ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በ1632 የነገሠው አጼ ፋሲለደስ ነው ይህን ልማድ የሰበረው። በ1636 ገደማ ጎንደርን መቀመጫው አደረጋት፤ ከተማዋም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በዋና ከተማነት ቆየች። ያቆማት አጼ ቴዎድሮስ ነው። በ1855 ሲነግሥ መቀመጫውን ወደ ደብረ ታቦር፣ በኋላም ወደ መቅደላ ወሰደ፤ በ1864 እና በ1866 ደግሞ ራሱ መጥቶ ጎንደርን ዘረፋት፣ አቃጠላት። በ1888 ደርቡሾች መጥተው የቀረውን አነደዱት። ዛሬ የምናየው ጎንደር ከሦስት እሳት የተረፈ ነው።

ከእሳቱ የተረፈው ዋናው ነገር ፋሲል ግቢ ነው። 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር ውስጥ የብዙ ነገሥታት ግንቦች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ዩኔስኮ ቦታውን በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔን የገረመኝ ማንም ንጉሥ በአባቱ ቤት መኖር አለመፈለጉ ነው። ፋሲለደስ አራት ክብ ማማዎች ያሉት ትልቁን ግንብ ሠራ፤ ልጁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና የጽሕፈት ቤት ሠራ፤ የልጅ ልጁ ታላቁ ኢያሱ የራሱን ግንብ ሠራ። የኢያሱ ግንብ ዛሬ ጣራ የለውም። በመጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት ነበር፣ በ1941 ደግሞ ጣልያንን ለማስወጣት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሲደበድቡ ተመታ። የበካፋ የግብር አዳራሽ አለ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ አለ፣ የአንበሶች ቤት አለ። እና በመካከላቸው ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው አንድ ፍርስራሽ አለ፤ ከ1716 እስከ 1721 የነገሠው የአጼ ዳዊት የዘፈን ቤት። ይህ ንጉሥ ሙዚቃ ይወድ ስለነበር ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ለዘፈን ብቻ የሚሆን አዳራሽ አሠራ። በመጨረሻ በመርዝ ተገደለ ይባላል። የጎንደር ማታ ከየት እንደሚጀምር ለሚጠይቀኝ ሰው የማሳየው ይህን ፍርስራሽ ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። «ይህን ማን ሠራው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «ፖርቱጋሎች» የሚል ነው። ይህ መልስ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንን ከአገር ያባረረው ያው ፋሲለደስ ራሱ ነው። ኖራን ለግንባታ መጠቀምን በተመለከተ ከህንድ የመጡ ባለሙያዎች ስም ይነሳል፣ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ባለሙያ ከውጭ ቢመጣ እንኳን ድንጋዩን የሚጠርብ፣ ኖራውን የሚያቃጥል፣ እንጨቱን የሚያነጥፍ ብዙ እጅ ያስፈልጋል። ያ እጅ በከፊል የእኛ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቤተ እስራኤል በስሜን ተራሮች ለብዙ ዘመን ከነገሥታቱ ጋር ተዋግተዋል። የፋሲለደስ አባት አጼ ሱስንዮስ በ1620ዎቹ ድል አደረጋቸው፤ መሪያቸው ጌዴዎን ተገደለ፣ ብዙዎቹም ርስታቸውን አጡ። መሬት የሌለው ሰው ደግሞ የሚበላው በእጁ ሙያ ነው። ዘመኑን ልብ በሉት፤ ርስታቸውን ባጡ በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ድል ያደረጋቸው ቤተሰብ አዲስ ከተማ መገንባት ጀመረ። ጄምስ ክዊሪን እና ስቲቨን ካፕላን የሚባሉ ሁለት የታሪክ ምሁራን፣ ሁለቱም በ1992 ባወጧቸው መጻሕፍት፣ በጎንደር ዘመን ቤተ እስራኤል በግንበኝነት፣ በአናጢነት፣ በቀጥቃጭነት ለቤተ መንግሥቱ እንደሠሩ ጽፈዋል። ከመካከላቸው ማዕረግና መሬት ያገኙም ነበሩ። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ክፍል በቤታችን ተረት ውስጥ በደንብ አልተቀመጠም። ስለ ጌዴዎን ጦርነት እንሰማለን፣ ስለ ሱዳን መንገድ እንሰማለን፤ በመካከል ያለው ሁለት መቶ ዓመት፣ ማለትም ቤተ እስራኤል የዋና ከተማ ነዋሪና ባለሙያ የነበሩበት ዘመን፣ ባዶ ነው።

ግን ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። በ1668 በአጼ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር ጉባኤ ተደርጎ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ስለዚህ የከተማዋ ሰፈሮች ስም ራሱ ሕግ ነው፦ እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ እስላም ቤት፣ ካይላ ሜዳ። «ካይላ» ቤተ እስራኤልን የሚጠሩበት አንዱ ስም ነበር። ቀን ቀን ግንቡን ይሠራሉ፣ ማታ ወደ ሜዳቸው ይመለሳሉ። በኋላ በዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ ሲደክሙና ግንባታው ሲቆም ደግሞ ነገሩ ባሰ። የቤተ መንግሥት ግንበኛ የነበረው የገጠር ማረሻ ቀጥቃጭ ሆነ፤ ሚስቱ ድስትና እንስራ ሸጠች። እሳትና ጭቃ የሚነካ እጅ ጥበብ ያለው ነው ይባላል፤ ግን «ቡዳ ነው» ተብሎም ይፈራል። አያቶቻችን ስለ ቡዳ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ከተማ ውስጥ ስዘዋወር ነው። ዝናው የግንቡ ባለቤት ሆነ፤ ሐሜቱ ለሠራው ሰው ቀረ።

ለጎብኚ የሚነገሩትን ሌሎች ነገሮች ቶሎ ልለፋቸው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የጣራው ሥዕል በመላእክት ፊት የተሞላ ነው፤ ቀና ብላችሁ ስታዩ ሁሉም ዓይን እናንተን ያያል። በ1888 ደርቡሾች ሲመጡ ንብ ተነስታ አባረረቻቸው ይባላል። የፋሲል መዋኛ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለጥምቀት፣ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውሃ ይሞላል፤ በቀረው ጊዜ ባዶ ሲሆን የግድግዳውን ድንጋይ ጨብጦ የያዘውን የዛፍ ሥር ማየት ትችላላችሁ፤ እኔ ባዶውን ነው የወደድኩት። ቁስቋም ምንትዋብ የሠራችው ግቢ ነው፤ በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ቤተ መንግሥቱን በቅርብ አይቶ ብዙ ጽፏል። ጃን ተከል የሚባለው ትልቅ ዋርካ ግቢው አጠገብ ነው፤ ጥላው ስር ዛሬ ሰው ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፣ ድሮ ግን ፍርድ የሚሰጥበት አደባባይ ነበር።

ከግቢው ወጥታችሁ ትንሽ ስትሄዱ ፒያሳ ትደርሳላችሁ፤ ዘመኑም በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ከ1936 እስከ 1941 ጣልያን ጎንደርን የአውራጃ ዋና ከተማ አድርጎ ነበር፤ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ክብ ማዕዘን ያላቸው ቤቶች ከዚያ ጊዜ የቀሩ ናቸው። ጣልያን በምሥራቅ አፍሪካ በመጨረሻ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ላይ፣ በኅዳር 1941 ነው። ማኪያቶው ግን አልሄደም። ወደ ማታ አስራ አንድ ሰዓት ላይ (የእኛ አምስት ሰዓት ማለት ነው) ፒያሳ በሰው ይሞላል፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባጃጅ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ነጠላ የለበሰ ሽማግሌ፣ የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ ልጅ። ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ ላይ መውጣት ነው፤ ከተማዋ ከነግንቧ ከእግራችሁ ስር ትተኛለች።

ከዚያ ይመሻል፣ የአዝማሪ ቤቶቹም ይከፈታሉ።

አዝማሪ ቤት ምን እንደሆነ ከሠርግ የምታውቁ ይመስላችኋል። እዚህ አገር ሠርግ ላይ ኦርጋን ያለው ዘፋኝ አለ፣ ድምፁ ጆሮ ይሰብራል፣ እኛም እስክስታ እንወርዳለን። አዝማሪ ቤት ሌላ ነገር ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሰው በግድግዳው ዙሪያ ዝቅ ባለ ወንበር ይቀመጣል፣ ጠጅ በብርሌ ወይም እዚያው ከተማ የሚጠመቀው ዳሽን ቢራ ይመጣል። አዝማሪው ማሲንቆ ይይዛል፤ ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው፣ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። ብዙ ጊዜ ከሴት ዘፋኝ ጋር ይሠራል። መድረክ ላይ ቆሞ አይቀርም፤ እየዞረ ፊታችሁ መጥቶ ይቆማል። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ቀስ ብሎ ስማችሁን ይጠይቀዋል፣ ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ በሁለት ስንኝ ስለ እናንተ ይዘፍናል። ያወድሳል፤ ግን ጸጉራችሁን፣ ጫማችሁን፣ ገንዘብ አወጣጣችሁንም ይነካል። ሰው ይስቃል። የተወደሰው ተነስቶ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ እኔ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ከእንግዶቹ አንዱ «ተቀበል!» ይላል። ይህ ማለት ግጥሙን እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ አዚመው ማለት ነው። እንግዳው አንዱን ስንኝ ያወጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ይዘፍነዋል፤ እንግዳው ሁለተኛውን ስንኝ ይጥላል፣ ቤቱ በሳቅ ይፈነዳል። በዚህ መንገድ አንድ ሰው ለጎረቤቱ በቀጥታ ሊናገረው የማይችለውን ነገር በአዝማሪ አፍ ይናገረዋል። ፖለቲካም ቢሆን፣ ፍቅርም ቢሆን፣ ያልተከፈለ ዕዳም ቢሆን።

የሚናገርበት መንገድ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም፣ ወርቁ ውስጥ የተደበቀው ነው። ወርቅ አንጣሪ በመጀመሪያ የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ቦታውን ይይዛል፤ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። (ልብ በሉ፣ የቋንቋችን ትልቁ ጥበብ ስሙን የተዋሰው ከአንጥረኛ ነው፤ ይኸው ቋንቋ አንጥረኛውን ቡዳ ይለዋል።) እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት አንድ የራሴን ልጻፍ። አዝማሪ ቢሰማው ይስቅብኛል፣ ግን ለትምህርት ይበቃል፦

ከሩቅ አገር መጥቶ ቆሟል ከዚህ ደጅ፤
ቤቱማ ቤቱ ነው፣ አይገባውም እንጅ።

ቁልፉ «አይገባውም» የሚለው ቃል ነው። ስለ ደጅና ስለ ቤት ስንሰማ በመጀመሪያ የምናስበው «አይገባበትም»ን ነው፦ ቤቱ የእሱ ነው፣ ግን ከውጭ ቆሟል፣ አልገባም። ይህ ሰሙ ነው። ሁለተኛ ትርጉሙ «አይረዳውም» ነው፦ ቤቱ የእሱ ነው፣ ግን ምን እንደሆነ አልገባውም። ሦስተኛውም አለ፤ «ይገባዋል» ማለት መብቱ ነው ማለትም ስለሆነ፣ «አይገባውም» የሚል ሰው «መብት የለውም» እያለም ሊሆን ይችላል። አንድ ቃል ነው፤ ማን እንደተናገረው፣ ወዴት እያየ እንደተናገረው ግን ትርጉሙን ይወስነዋል። «እንጂ» ያላልኩት ደግሞ በጎንደር አነጋገር «እንጅ» ስለሚባል ነው፤ የአያታችሁን አነጋገር አስታውሱ።

እዚህ የተወለድን ልጆች አብዛኞቻችን ሰሙን እንሰማለን። «ና ብላ»፣ «ተኛ»፣ «የት ነበርክ» በሚለው አማርኛ ያደገ ሰው ቃላቱን ያውቃቸዋል፣ ሁለት ትርጉም እንዳላቸው ግን የሚነግረው የለም። እኔ በሄድኩባቸው ማታዎች ከእስራኤል የመጡ ወጣቶች በሁለት ጠረጴዛ ተቀምጠው አየሁ። አዝማሪው ስለ እነሱ ሲዘፍን ሁሉም እያጨበጨቡ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ነበር። ዘፈኑ ውዳሴ ነበር፣ እውነት ነው፤ ግን ውዳሴው ውስጥ አንድ ጥያቄ ነበር፦ የሄዱት ሲመለሱ፣ ለመሄድ የሚጠብቁት ደጅ ላይ መሆናቸውን አይተዋል ወይ የሚል። ጎንደር ውስጥ ቤተሰቦቻቸው እዚህ እያሉ ለዓመታት ዓሊያ የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ አዝማሪው ያውቃል። ከጎኔ የነበሩት ጋሼ ጠጃቸውን አስቀምጠው «ሰማሽ?» አሉኝ። «ሰማሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። እነሱ ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ። ቪዲዮው አሁንም የሆነ ሰው ስልክ ውስጥ ይኖራል፣ ጥያቄው ከነዜማው ተቀምጦበት።

አዝማሪዎቹ ራሳቸው ማን እንደሆኑ ማወቅም ደስ ይላል። ብዙዎቹ ከአዝማሪ ቤተሰብ ይወለዳሉ፤ ጎንደር አካባቢ ቡርቧክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ። ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው በመካከላቸው የሚነጋገሩበት የራሳቸው የምስጢር ቋንቋ አላቸው። በድሮው ሥርዓት ለመኳንንቱ ይዘፍናሉ፣ በግብር ላይ ይቆማሉ፣ ንጉሡን እንኳን በቅኔ ይወጋሉ፤ ነገር ግን ባለ ርስት ልጁን ለአዝማሪ አይድርም። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ ለስድብ ያገለግል ነበር። ይህን ሳነብ ወዲያው ያሰብኩት የካይላ ሜዳን ግንበኞች ነው። ከተማዋ ያለ ግንበኛ መቆም፣ ያለ አዝማሪ መደሰት አትችልም፤ ሁለቱንም ግን አብሯት እንዲበሉ አልጠራችም። ለዚህ ነው አዝማሪ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ብቻ ያልተሰማኝ። ይህ የእኔ ስሜት ነው፣ በጥናት የተረጋገጠ አይደለም።

ወለቃን ሳልጠቅስ ብቀር ትወቅሱኛላችሁ። ከከተማዋ በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለች መንደር ናት፤ ለቱሪስት «የፈላሻ መንደር» ተብላ ትሸጣለች። አሮጌው ጸሎት ቤት አለ፣ የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ቤቶች አሉ፣ በመንገዱ ዳር የሸክላ አንበሳና የሸክላ ሰው ይሸጣል። ሸክላውን የሚሠሩት ሴቶች ዛሬ በአብዛኛው የእኛ ሰዎች አይደሉም፤ የእኛዎቹ ሄደዋል፣ ሙያውን ጎረቤት ወርሶታል። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን «ውሸት ነው» ብለው ይናደዱበታል። እኔ አልናደድም። ቡዳ ያሰኝ የነበረውን ጭቃ አሁን ሌላው ሰው በኩራት ሲሸጠው ማየት በራሱ ታሪክ ነው። ግዙ፤ ስትገዙ ግን ማን እንደሠራው ጠይቁ፣ ቁጭ ብላችሁም አውሩ።

አሁን መሄድ ለሚፈልግ፦ በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የተነሳው ውጊያ ጎንደር ከተማ ድረስ ገብቶ ነበር፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። የሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ በመጀመሪያ የሚዘጋው አዝማሪ ቤት ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የጉዞ ማስጠንቀቂያውን አንብቡ፣ እዚያ ያለ ዘመድ ካላችሁም ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከዜናው ይልቅ እሱ ያውቃል።

እስከዚያው ሥራውን እዚህ መጀመር ይቻላል። በደቡብ ቴል አቪቭ አዝማሪ የሚዘፍንባቸው ቤቶች አሉ፣ ማሲንቆ የያዘ ሰው በሠርግም ላይ አልፎ አልፎ ይገኛል። ከመሄዳችሁ በፊት አያታችሁ ጋ ተቀምጣችሁ ሁለት ስንኝ ጠይቁ፤ «እማማ፣ አዝማሪ ቤት ብትሄጂ ምን ብለሽ ታስዘፍኚው ነበር?» በሉ። መጀመሪያ «እኔ ምን አውቄ» ይላሉ። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ጠብቁ። የእኔ አያት በሦስተኛው ላይ ስለ ጎረቤታቸው አንድ ነገር አወጡ፤ እዚህ መጻፍ አልችልም፣ ጎረቤቲቱ አሁንም ከአንድ ፎቅ በታች ናት።